ቀለበቱ እየጠበበ ሲሄድ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የራሷን ጥላ አይታ የምትጮህ ሴት አይደለሁም።

ሥራዬ ማየት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ስል ኖሬያለሁ። ስለዚህ አየሁ ካልኩ አይቻለሁ። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው።

የሆነው በጥር ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ውጭ ፀሐይዋ በረዶው ላይ እያንጸባረቀች ዓይን ታጠፋ ነበር። እኛ ግን ሳይቤሪያ ውስጥ፣ ኦብ ወንዝ ዳር ባለው ፋብሪካችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት በሌለው፣ ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል ጥቁር በተቀባ ክፍል ውስጥ ነበርን።

እኔና ሮዛ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ፋብሪካችን የሚሠራው በጨለማ የሚያሳይ መነጽር ነው። የመነጽሩ ልብ የጠርሙስ ክዳን የምታህል ቱቦ ናት። የአንድ ኮከብ ጭላንጭል ከሰጣችኋት አባዝታ አገሩን ሁሉ አረንጓዴ አድርጋ ታሳያችኋለች።

አንድ ክፉ አመል ግን አላት።

ደማቅ ነገር ፊቷ ከመጣ... መብራት፣ እሳት፣ የበራ መስኮት... ዙሪያውን ወፍራም ነጭ ቀለበት ትሠራበታለች። ውስጧ ካለው ስስ ሳህን ላይ ብርሃኑ ነጥሮ ከቦታው ራቅ ብሎ ስለሚወድቅ ነው። የእኛ ሠራተኞች ቡብሊክ ይሉታል፣ መሐሉ ክፍት በሆነው ክብ ዳቦአችን ስም።

ቀለበቱ ያረፈበት ነገር ሁሉ አይታይም።

ዓምና በዚሁ የብርድ ወራት፣ የወንድሜ የሳቬሊ ባልደረባ የሆነ የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር አብራሪ፣ ወንዝ ዳር ወደበራ መብራት ሲወርድ ከመብራቱ አጠገብ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳያይ ቀረ። ሽቦውን ቀለበቱ ውጦት ነበር።

አራት ሰው አለቀ።

አብራሪው ዓይኑ ላይ ያደረገው ቱቦ «ያልፋል» የተባለው በእኔ ማኅተም ነው። ቀለበቱ ከተፈቀደው ልክ አላለፈም ነበርና ማንም ጣቱን አልቀሰረብኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ ዞሮ አያውቅም።

ሳቬሊ ደግሞ ከዚያም በኋላ መብረሩን አልተወም። እናታችን ስትሞት ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በዚህ ምድር ላይ ከእሱ በቀር የእኔ የምለው ሰው የለኝም። ማታ ማታ የሄሊኮፕተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የምሞተው ሞት ነበረ።

ዋናው መሐንዲሳችን ኤድዋርድ ካርሎቪች ከዚያ አደጋ በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ያዙ። ቀለበቱን ማጥበብ። በሳህኑና ከፊቱ ባለው መስተዋት መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ፣ የሚነጥረው ብርሃን ርቆ መሄጃ ያጣል፤ ቀለበቱም ይቀጥናል። ሁለቱ በጣም ከተጠጋጉ ደግሞ እሳት ይረጩና ቱቦዋ ትቃጠላለች። ሽማግሌው ስንቱን ቱቦ አቃጥለው፣ የቀረቻቸውንም ጸጉር ጨርሰው፣ በዚያ ሐሙስ ጠዋት ሰባት አዳዲስ ቱቦዎች በጥጥ ጠቅልለው አመጡልን።

«ፋይና ልቮቭና» አሉኝ፣ «እንደ እንቁላል ይያዙልኝ።»

«ከተፈለፈሉ ጫጩቶቹን ለማን እንስጥ?» አለች ሮዛ ከኋላዬ።

ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ በኋላ የሳቅነው ትዝ አይለኝም።

የአሠራራችንን ነገር ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ የመጣው ከእሱ ነውና።

ፈታሿ ሩብ ሰዓት በጨለማ ተቀምጣ ዓይኗን ታለማምዳለች። ከዚያ በኋላ ብርሃን ማየት አይፈቀድላትም። ስለዚህ አትጽፍም፣ ትናገራለች። ጸሐፊዋ ከወፍራም መጋረጃ ጀርባ፣ ፍም በምትመስል ቀይ መብራት ሥር ተቀምጣ የሰማችውን ትመዘግባለች። የቱቦው ቁጥር፣ የቀለበቱ ስፋት፣ መጨረሻ ላይም ቱቦው የሚሄድለት ሰው ስም... ሁሉም ጨለማው ውስጥ ጮክ ተብሎ ይጠራል።

ፈታሿ እኔ፣ ጸሐፊዋ ሮዛ ነን።

ከፊት ለፊቴ፣ አምስት እርምጃ ርቃ፣ በቀጭን የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል መብራት አለች። የምናየው እሷን ነው። በእሷ ዙሪያ የሚሠራውን ቀለበት እንለካለን።

መጀመሪያ ለማመሳከሪያ አሮጌውን ቱቦ አየሁበት። ወፍራም ቀለበት። እንደ ሁልጊዜው።

ቀጥዬ የመጀመሪያዋን አዲስ አስገባሁ።

«ቁጥር አንድ» አልኩ። «ቀለበቱ... የአሮጌው ግማሽ።»

«ግማሽ?!» አለች ሮዛ ከመጋረጃው ጀርባ። «ሽማግሌው አደረጉት እንዴ!»

«ቆይ...»

«ምነው?»

«ከመብራቷ ሥር ጥላ አለ።»

«ቆሻሻ ይሆናላ። ጥረጊው።»

ጠረግኩት። ጥላው ግን አልጠፋም።

ሁለተኛዋን አስገባሁ። ቀለበቱ ይበልጥ ቀጠነ። አሁን ጥላው አንድ አልነበረም። ከታች ወደ ላይ የወጡ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ቀጫጭን ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛዋን አስገባሁ።

ጣቶች ነበሩ።

ሻማ እንደሚይዝ ሰው፣ አንድ ሰው መብራቷን ከሥሯ ይዟታል።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«ሮዛ... የት ነሽ?»

«የት እሆናለሁ? ወንበሬ ላይ።»

«እጅሽን ከመብራቷ ላይ አንሺ።»

«ፋያ፣ በጠዋቱ ምን ጠጥተሽ ነው የመጣሽው?»

ድምፁ የመጣው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ቱቦውን አጥፍቼ የነጩን መብራት ማብሪያ መታሁት።

ዘንጉ። መብራቷ። ባዶ ጥቁር ግድግዳ። ሮዛ በመጋረጃው መሐል አንገቷን አውጥታ ዓይኗን እያሸች ትረግመኛለች።

«አሁን እንደገና ሩብ ሰዓት ልንቀመጥ ነው? እግዜር ይይልሽ!»

ተቀመጥን። በሕይወቴ እንደዚያ ሩብ ሰዓት የረዘመብኝ ጊዜ የለም። ጨለማው ውስጥ የሮዛን ትንፋሽ እሰማለሁ። የእኔን እሰማለሁ። ሦስተኛ ትንፋሽ እንዳይኖር ጆሮዬን ቀስሬ ቆየሁ። አልነበረም።

ሦስተኛዋን ቱቦ መልሼ አየሁበት።

አሉ።

ቆጠርኳቸው። አምስት ናቸው። አምስቱም እኩል ይረዝማሉ። አውራ ጣት የሚባል ነገር የለበትም።

አሮጌውን ቱቦ አስገባሁ። ወፍራሙ ቀለበት ሸፈናቸው። አዲሱን... አሉ። አሮጌውን... የሉም።

ኧረ የሉም አይባልም። አይታዩም እንጂ።

አራተኛዋ ላይ የእጁ አንጓ ታየኝ። አምስተኛዋ ላይ ክንዱ። ክንዱ ከዘንጉ ጎን ለጎን ቁልቁል ይወርዳል... ይወርዳል... ክርን ሳይኖረው እስከ ወለሉ ይወርዳል።

«ሮዛ» አልኩ። «ነይ እስቲ እይልኝ።»

«እንደገና ዓይኔን ላለማምድ?»

«ነይ ብያለሁ!»

እየተነጫነጨች ቀይ መብራቷን አጥፍታ፣ በዳበሳ መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ እስኪለምድ ጠበቅን። ከዚያ አየች።

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሮዛ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ስትተኛ ራሱ ታወራለች ብሎ ባሏ ይምላል።

«ፋያ...» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይሄ ነገር ስንት ዓመት እዚህ ቆሟል?»

ያቺን መብራት ትክ ብዬ ሳያት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ኤድዋርድ ካርሎቪችን አስጠራናቸው። ሽማግሌው ቁጭ ብለው፣ ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አምስተኛዋን ቱቦ አዩባት። ትንፋሻቸው ቆመ። ቆመና እንደገና ቀጠለ።

«ቀለበቱ ስንት ነው?» አሉኝ።

«የአሮጌው አንድ አምስተኛ።»

«ብልጭታ?»

«የለውም።»

«ነጠብጣብ?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ያልፋል።»

«ኤድዋርድ ካርሎቪች... አላዩም?»

ቱቦዋን በዳበሳ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

«መመሪያው ሦስት ጉድለት ያውቃል፣ ፋይና ልቮቭና። አራተኛ የሚባል የለውም። እኔ የሠራኋቸው ሽቦው እንዲታይ ነው። ሽቦው... ሌላ ነገር እንዲታይ ብዬ አይደለም።»

ወጥተው ሄዱ። በሩን ሲዘጉ እጃቸው መያዣውን ስቶ ሁለት ጊዜ ዳበሰው።

ቱቦዎቹን አያልፉም ብዬ ልጥላቸው እችል ነበር። ማኅተሙ ያለው በእኔ እጅ ነው።

ግን ጣልኳቸው ማለት ሳቬሊ በአሮጌው ቱቦ ይበራል ማለት ነው። ሽቦ ሰው ይገድላል፤ አራት ሬሳ ሲወጣ አይቻለሁ። እነዚህ ጣቶች ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንን ነኩ? ማንንም። ለጣት ፈርቼ ወንድሜን ለሽቦ አልሰጥም አልኩ።

ያኔ ይህ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? ከሰባቱ መካከል ቀለበቷ ከሁሉም የቀጠነውን ሰባተኛዋን ለሳቬሊ መረጥኩለት። ሮዛ መጋረጃዋ ጀርባ ተመልሳለች። ዓይኔን ከቱቦዋ ሳልነቅል፣ እንደ ደንቡ፣ ጮክ ብዬ ጠራሁ።

«ቁጥር ሰባት። ያልፋል። ተቀባይ፣ ሳቬሊ ልቮቪች።»

ጠዋት ሙሉ እንደ ድንጋይ ከቆሙት ጣቶች...

አንዱ ተነሳ።

ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ቀና እንደሚል ሰው፣ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ቆየ፤ ተመልሶም ወረደ።

ከመጋረጃው ጀርባ የሮዛ ብዕር ወረቀቱን ሲጭር ይሰማኛል። ስሙን እየጻፈች ነው። ምንም አልነገርኳትም።

ከሥራ ስንወጣ ሮዛ የሱፍ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣

«እኔ ከነገ ጀምሮ ወደ ማሸጊያ ክፍል ልዛወር ነው» አለችኝ።

«ትተሽኝ ልትሄጂ ነው?»

«ፋያ፣ የእኔ ቤት አምፖል አሥራ አንድ ነው። አሥራ አንድ! እዚሁ ሆኜ በልቤ ቆጠርኳቸው። ዛሬ የትኛውን ላብራ?»

እኔም ወደ ቤቴ ስሄድ የመንገዱን መብራቶች ሥር ሥራቸውን እያየሁ ሄድኩ። በባዶ ዓይን ምንም የለም። ከምሰሶው ሥር በረዶ ብቻ ነው ያለው። ግን አንዱም መብራት ሥር አላለፍኩም። ሰው ሁሉ በብርሃኑ ሲሄድ እኔ ጉልበቴ ድረስ በበረዶ እየሰመጥኩ ጨለማ ጨለማውን ይዤ ደረስኩ።

ቅዳሜ ሳቬሊ ቤቴ መጣ። በሥጋ የተሞላውን የሚወደውን ድፍን ሊጥ ቀቅዬ ጠበቅኩት። መነጽሩን ከሣጥኑ አውጥቶ እያገላበጠ ያየዋል።

«ፋብሪካውን ሁሉ በርብረሽ ለእኔ ያገኘሽልኝ ይሄን ነው?»

«ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው።»

«ቡብሊኩ የታለ?»

«የለም ማለት ይቻላል።»

«አይ ፋያ! ታዲያ ሌሊት ሲርበኝ ምን ልበላ ነው?»

ሳቀ። ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ መካከል ያለችው ክፍተት ትታያለች። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አልተለወጠችም።

«ሳቫ... ከመብራት አጠገብ አንድ ነገር ብታይ...»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«ሰው የሚመስል።»

«ቆንጆ ናት?»

«አትቀልድ!»

«እሺ፣ እሺ እናቴ።» ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ እናቴ ይለኛል።

«ሽቦውን እይ። መብራቱን እይ። ሌላውን አትይ። አደራ።»

ሹካውን አስቀምጦ እጄን ያዘኝ። «እጅሽ ቀዝቅዟል እኮ።»

«በርዶኝ ነው።»

ምድጃው እየነደደ ነበር። ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበለው? ከነገርኩት መነጽሩን ይተወዋል፤ ከተወው ሽቦው አለ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ እንደ እሾህ ይወጋኛል።

ሰኞ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል።

በጥር በዚያ ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ደርሷል። ከወንዙ በላይ ባለ መንደር ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች፤ ሳቬሊና ረዳቱ ቲሙር ሊያመጧት ተነሱ። ሳቬሊ በአዲሱ መነጽር ሲበር የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ስለ ቱቦው የሚለውን ለመመዝገብ እኔና ኤድዋርድ ካርሎቪች አየር ማረፊያው ሬዲዮ ክፍል ተቀምጠናል። ቁጥር ስድስት የተገጠመበትን መነጽር ለማነጻጸሪያ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ።

የመንደሩ ነርስ ቀደም ብላ በሬዲዮ ነግራናለች።

«ወንዙ ዳር ሦስት ፋኖስ ተክለናል። ሰው ውጭ የለም፣ ብርዱ አያስቆምም። በሦስቱ መሐል ይረፉ።»

ሰዓቱ ሲደርስ የሳቬሊ ድምፅ መጣ።

«መንደሩ ታየኝ። ፋያ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ቀለበት የሚባል ነገር የለም። ሽቦው... እንዴ! ሽቦው ከቀኙ ፋኖስ በላይ እንደ ክር ጥርት ብሎ ይታያል!»

ኤድዋርድ ካርሎቪች ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። እኔም ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ። ወንድሜ ሽቦውን አየው። ወንድሜ አይሞትም።

«አራቱም መብራቶች ግልጽ ናቸው» አለ ሳቬሊ። «እየወረድኩ ነው።»

ነርሷ የነገረችንን ፋኖስ በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስት።

«ስንት?» አልኩ።

«አራቱም።»

የቲሙር ድምፅ ገባ። እሱ የሚያየው በአሮጌው መነጽር ነው። «እኔ ሦስት ነው የማየው።»

«አራት ነው። አራተኛው ወንዙ ላይ ነው፣ በረዶው መሐል። ሰው ይዞታል።»

የሬዲዮ ሠራተኛውን ገፍትሬ ማይክሮፎኑን ነጠቅኩት።

«ሳቫ! በሦስቱ መሐል ውረድ። ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል። ውጭ ማንም የለም።»

«ይታየኛል እኮ ፋያ። እጁን ያወዛውዛል። ና ይለኛል።»

«እጁን አትይ! ሳቫ፣ እጁን አትይ!»

ሽሽሽሽ... የሬዲዮው ጩኸት ብቻ።

ከዚያ ድምፁ ተመለሰ። ዝቅ ብሎ። በልጅነቱ ሌሊት ሲፈራ ወደ አልጋዬ መጥቶ እንደሚያናግረኝ።

«ፋያ... እየጠራኝ ነው።»

«ማንም አይጠራህም። ሄሊኮፕተር ውስጥ ሆነህ ምን ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል። "ቁጥር ሰባት፣ ያልፋል፣ ተቀባይ ሳቬሊ ልቮቪች" ይላል።»

ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ።

«ፋያ» አለኝ። «የሚናገረው በአንቺ ድምፅ ነው።»

ሬዲዮው ተቋረጠ።

ሃያ ስድስት ደቂቃ። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር እኔም አብሬው ቆጠርኩ። የሬዲዮ ሠራተኛው እየደጋገመ ይጣራል፤ የሚመልስለት የለም። ኤድዋርድ ካርሎቪች ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ። «ሽቦውን አይቶታል» ይላሉ። «ሽቦውንማ አይቶታል።» ዝም ይበሉ ብዬ ጮህኩባቸው። እኚያን ጨዋ ሽማግሌ።

በሃያ ሰባተኛው ደቂቃ ሬዲዮው ተነፈሰ።

«ሴትየዋን ጭነናል። እየመጣን ነው።»

ሳቬሊ ነበር። ድምፁ ለስላሳ፣ የተረጋጋ።

«ሳቫ! ደህና ነህ? ምን ሆነህ ነው?»

«ደህና ነኝ፣ ፋይና ልቮቭና።»

ወንድሜ በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ እንዲህ እንደ ባዕድ ከነአባት ስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ሲያርፉ ሜዳው ላይ ቆሜ ነበር። የአምቡላንሱ ሰዎች ሴትየዋን አውርደው ወሰዷት፤ እያቃሰተች ነበር፣ በሕይወት አለች። መኪናው መብራቱን ይዞ ሲሄድ ሜዳው ጨለመ። ቲሙር ኮቱን ሳይቆልፍ፣ ባዶ ራሱን፣ እየሮጠ መጣ። ክንዱን ያዝኩት።

«ምን ተፈጠረ?»

«ወንዙ ላይ አሳረፈን። ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ሄደ።»

«ወዴት?»

«ጨለማው ውስጥ። ብቻውን።» ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «ነፍሰ ጡሯን እኔና የመንደሩ ሰዎች ነን ያወጣናት። ስንጨርስ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።»

«ከማን ጋር ነው የሄደው?»

«እኔ ሦስት ነው ያየሁት» አለኝ። «እህቴ ሙች፣ ሦስት ነው ያየሁት።»

እጁን ነጥቆኝ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ አልበረረም።

ከሄሊኮፕተሩ አጠገብ ትንሽ ብርሃን ታየች።

ሳቬሊ ነበር። ባትሪውን አብርቶ በረዶውን እየረገጠ ወደ እኔ ይመጣል። ፊቱ ከብርሃኑ በላይ ይታየኛል። ይስቃል። የጥርሶቹ ክፍተት ሳትቀር ታየችኝ። ሮጬ ላቅፈው ሁለት እርምጃ ተራመድኩ።

ከዚያ ቆምኩ።

በዚያ ብርድ ሁላችንም ስንተነፍስ ከአፋችን እንፋሎት ይወጣል። ከእኔ ይወጣል። ከኋላዬ ከቆሙት ከሽማግሌው ይወጣል፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል።

ከወንድሜ አፍ ምንም አይወጣም ነበር።

«ፋይና ልቮቭና» አለኝ። «ለምን ቆምሽ?»

እጄ በራሱ ጊዜ ወደ አንገቴ ሄደ። መነጽሩን አንስቼ ዓይኔ ላይ አደረግኩት።

ቀለበቱ ቀጭን ነው። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። በረዶው። የቆዳ ኮቱ። እኔ የሰፋሁለት ቁልፍ። ከብርሃኗ በላይ የሚስቀው ፊቱ።

ብርሃኗ በደረቱ ልክ፣ ከፊት ከፊቱ፣ አምስት እኩል ጣቶች ከሥሯ ይዘዋት ወደ እኔ እየመጣች ነው።

ሁለቱም እጆቹ ግን ኮት ኪሱ ውስጥ ነበሩ።